ስለ ዳሌ መገጣጠሚያ መለወጥ፤ ሐኪሙ የገባበትን በር ማወቅ



የዛሬው ንግግራችን ያረጀ ወይም የተሰበረ የዳሌ መገጣጠሚያ በኦፕራሲዮን ወጥቶ በሰው እጅ በተሠራ መገጣጠሚያ ስለሚለወጥበት ሕክምና ነው። በዚህ ሕክምና ላይ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው፥ ሐኪሙ ወደ መገጣጠሚያው የሚገባው በየትኛው በኩል ነው? የሚል ነው። ሁለተኛውም፥ በሽተኛው ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ባሉት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዴት ሊኖር ይገባዋል? የሚል ነው። ብዙ ሰው ፊተኛውን ጥያቄ ለሐኪም፥ ኋለኛውን ለቤተ ሰብ ይተወዋል። ነገር ግን ሁለቱ የማይነጣጠሉ ናቸው፤ የፊተኛውን መልስ ያላወቀ ቤተ ሰብ በኋለኛው ሊሳሳት ይችላልና።

ነገሩ በቀላሉ እንዲገባን አንዲት እናትን በሐሳባችን እናስቀምጥ። እኒህ እናት የተወለዱት በሰከላ፥ የዐባይ ምንጭ በሚገኝበት በግሽ ዐባይ አካባቢ ነው እንበል። በወጣትነታቸው እንስራ ተሸክመው ዳገት ሲወጡ፥ በየበዓሉ ቆመው ሲያስቀድሱ ኖረዋል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ብሽሽታቸውን ይጠዘጥዛቸው፥ ሕመሙም ወደ ጕልበታቸው ይወርድ ጀመር። መጀመሪያ ቍርጥማት ነው ተባለ፤ ቀጥሎም ብርድ ነው ተባለ፤ ታሹ፥ ታጠኑ፥ አልተሻላቸውም። በመጨረሻ ሕመሙ የሌሊት እንቅልፍ ሲነሣቸው፥ በባሕር ዳር በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራው ልጃቸው ወደ ቤቱ አመጣቸው። ቤቱም የትውልድ አገራቸውን ስም በያዘው በግሽ ዐባይ ሠፈር ነው። በራጅ ሲታዩ የዳሌያቸው መገጣጠሚያ ተበልቶ ስለ ተገኘ፥ ሐኪሙ መለወጥ እንደሚሻል ነገራቸው። ልጅየው ፈራ፤ እናቲቱም «ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፥ ለምን እቈረጣለሁ?» አሉ። እንዲህ ያለው ንግግር በብዙ ቤት የሚሰማ ስለ ሆነ፥ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

የዳሌ መገጣጠሚያ አሠራር በሙቀጫና በዘነዘና ይመሰላል። የጭን ዐጥንት የላይኛው ጫፍ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ ይህም ክብ ራስ በዳሌ ዐጥንት ላይ ባለው ጐድጓዳ ውስጥ ገብቶ ወደየአቅጣጫው ይዞራል። የሁለቱም ፊት ለስላሳና አንሸራታች በሆነ ሽፋን የተለበጠ ስለ ሆነ፥ ጤነኛ ሰው በሚራመድበት ጊዜ መገጣጠሚያ እንዳለው እንኳ አያስበውም። ይህ ሽፋን በዕድሜ ብዛት ሲሳሳ፥ ወይም ወደ ዐጥንቱ ራስ የሚሄደው ደም ተቋርጦ ዐጥንቱ ሲሞት፥ ወይም በልጅነት የደረሰ ሕመም መገጣጠሚያውን አበላሽቶት ሲቀር፥ ዐጥንት ከዐጥንት ይፋጫል። በአረጋውያንና በባልቴቶች ላይ ደግሞ በመውደቅ ምክንያት የጭን ዐጥንት አንገት ይሰበራል። በዚያ ስፍራ ያለው የደም ሥር በቀላሉ ስለሚጐዳ፥ ስብራቱ ብዙ ጊዜ በራሱ አይገጥምም።

በኦፕራሲዮኑ ጊዜ ሐኪሙ የተበላሸውን ክብ ራስ ቈርጦ ያወጣና በጭኑ ዐጥንት ቦይ ውስጥ የብረት ዘንግ ይተክላል። በዘንጉ ጫፍ ላይ ከብረት ወይም ከሴራሚክ የተሠራ ኳስ ያስቀምጣል፤ በጐድጓዳውም ውስጥ ብዙውን ጊዜ ፖሊኢቲሊን ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ወይም በእርሱ የተለበጠ ዋንጫ ይገጥማል። ዘንጉና ዋንጫው አንዳንድ ጊዜ ለዐጥንት በተዘጋጀ ሲሚንቶ ይያዛሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ዐጥንቱ ራሱ እያደገ እንዲይዛቸው ፊታቸው ሻካራ ተደርጎ ይሠራል።

ይህ ጥበብ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። ቀጥሎ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አድማጮቻችን ይገንዘቡልን። በ1891 ዓ.ም. ዶክቶር ቴሚስቶክሌስ ግሉክ በበርሊን ከተማ ከዝሆን ጥርስ የተሠራ መገጣጠሚያ ሞክሮ ነበር። ከዚያም በኋላ ብዙ ሐኪሞች በየበኩላቸው ሞከሩ። ጕዳዩን ለፍሬ ያበቃው ግን ጆን ቻርንሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። እርሱም መጀመሪያ ዋንጫውን ቴፍሎን ከሚባል ነገር ሠርቶ ለብዙ ሰዎች ተከለ። ቴፍሎኑ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተበላ፤ የተፋቀውም ብናኝ በዙሪያው ያለውን ሥጋና ዐጥንት ጐዳ። ሐኪሙ ተስፋ ሳይቈርጥ በ1962 ዓ.ም. ፖሊኢቲሊንን በቴፍሎን ፋንታ ተካ። ከዚያ ወዲህ ይህ ሕክምና በዓለም ሁሉ ተስፋፋ። በ2019 ዓ.ም. የአገሮች መዝገብ ተሰብስቦ ሲመረመር፥ ከ10 የተለወጡ መገጣጠሚያዎች ወደ 9 የሚሆኑት 15 ዓመት፥ ወደ 6 የሚሆኑትም 25 ዓመት ያህል እንዳገለገሉ ታውቋል። ስለዚህ «ዕድሜዬን ጨርሻለሁ» ለሚሉት እናት የሚሰጠው መልስ፥ ቀሪው ዕድሜ በሕመም ሳይሆን በእግር እየሄዱ የሚያሳልፉት ሊሆን ይችላል የሚል ነው።

አሁን ወደ ፊተኛው ጥያቄ እንመለስ። የዳሌ መገጣጠሚያ በወፍራም ጡንቻ የተከበበ ስለ ሆነ፥ ሐኪሙ ወደ እርሱ ለመድረስ መንገድ መክፈት አለበት። መንገዶቹ ብዙዎች ቢሆኑም፥ በይበልጥ የሚሠራባቸው ሦስት ናቸው። አንድን ቤት በጓሮ በር፥ በጐን በር ወይም በፊት በር መግባት እንደሚቻል፥ ወደ ዳሌም በኋላ፥ በጐን ወይም በፊት በኩል ይገባል።

በኋላ በኩል የሚገባው ሐኪም በሽተኛውን በጐኑ ያስተኛና ከመቀመጫው አጠገብ ይቀዳል። ትልቁን የመቀመጫ ጡንቻ እንደ አወራረዱ ይከፍለዋል፤ ከሥሩ ያሉትን ጭንን ወደ ውጭ የሚያዞሩ ትንንሽ ጡንቻዎች ከዐጥንቱ ያላቅቅና ሥራው ሲያልቅ መልሶ ይሰፋቸዋል። ይህን መንገድ በአሜሪካ በሳውዝ ካሮላይና ይኖር የነበረው ዶክቶር ኦስቲን ሙር በ1950ዎቹ ስላስተዋወቀው፥ «የደቡብ መንገድ» እየተባለም ተጠርቷል። ጥቅሙ፥ ሰው በሚራመድበት ጊዜ ወገቡን ቀጥ አድርገው የሚይዙት የጐን ጡንቻዎች ሳይነኩ መቅረታቸውና፥ ለሐኪሙ ስፍራው ወለል ብሎ መታየቱ ነው። ጕድለቱም፥ የኋላው ግድግዳ እስኪጠና ድረስ ኳሱ ወደ ኋላ ሊወልቅ መቻሉ ነው። ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ ነርቭም በአጠገቡ ስለሚያልፍ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

በጐን በኩል መግባትን በተመለከተ፥ ቻርንሊ ራሱ በዚህ በኩል ሲገባ የጭኑን ዐጥንት ጕብታ ቈርጦ ያነሣና በመጨረሻ በሽቦ መልሶ ያስረው ነበር። በ1982 ዓ.ም. ዶክቶር ሃርዲንጅ ዐጥንቱን ሳይቈርጥ የጐኑን ጡንቻ ከፊሉን ብቻ አንሥቶ የሚገባበትን መንገድ ጽፎ አሳወቀ። በዚህ መንገድ የተሠራ መገጣጠሚያ በቀላሉ አይወልቅም። ነገር ግን የተነካው ጡንቻ አካሄድን የሚጠብቀው ጡንቻ ስለ ሆነ፥ በሽተኛው ለጊዜው፥ አንዳንዱም ለብዙ ጊዜ፥ ሊያነክስ ይችላል።

በፊት በኩል የሚገባው ሐኪም ደግሞ በሽተኛውን በጀርባው ያስተኛዋል። በዚህ በኩል ጡንቻን ከዐጥንት ሳያላቅቁ በሁለት ጡንቻዎች መካከል ሰንጥቆ ማለፍ ይቻላል። መንገዱ በዶክቶር ስሚዝ ፒተርሰን ስም ይታወቃል። በዚህ መንገድ የታከሙት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመማቸው ጥቂት ቀለል እንደሚል፥ ምርኩዛቸውንም ቀደም ብለው እንደሚጥሉ ታይቷል። ይሁን እንጂ ለሐኪሙ ልዩ ልምድ ያስፈልገዋል፤ ልምዱ ባልጠናበት እጅ የጭን ዐጥንት ሊሰነጠቅ ይችላል። በጭን ፊት ላይ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ተነክቶ ቆዳው የሚደነዝዝባቸው ሰዎችም አሉ።

እንግዲህ ከሦስቱ የትኛው ይበልጣል? ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። አንድ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ በሦስቱ መንገዶች የታከሙ ሰዎች ሲነጻጸሩ ልዩነታቸው ጥቂት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በሽተኛው ስለ መንገዱ ስም ከመከራከር ይልቅ፥ የሚያክመው ሐኪም ዘወትር የሚሠራበትንና የለመደውን መንገድ እንዲከተል መተው ይሻለዋል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ግን «ዶክቶር፥ የገቡት በየትኛው በኩል ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ ከሆስፒታል መውጣት የለበትም። የተከፈተው በር እስኪጠና ድረስ ኳሱ የሚወልቀው በይበልጥ በዚያ በኩል ነውና፥ የሚከለከለው እንቅስቃሴም እንደ በሩ ይለያያል።

በኋላ በኩል የታከመ ሰው ሦስት ነገሮች ይከለከላል። ጭኑን ከወገቡ ጋር ከማእዘን አሳልፎ ማጠፍ፥ እግርን በእግር ላይ ማነባበር፥ የታከመውን እግር ጣቶች ወደ ውስጥ ማዞር ናቸው። ይህ በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በአገራችን ኑሮ ላይ ሲታይ ግን ብዙ ነው። በዱካ ላይ ተቀምጦ ቡና መጠጣት፥ በመደብ ላይ መቀመጥ፥ በጕድጓድ መጸዳጃ ቤት ቍጢጥ ማለት፥ ጐንበስ ብሎ ጫማ ማሰር፥ ከወንበር ሳይነሡ የወደቀ ነገር ማንሣት፥ ግንባርን መሬት አስነክቶ መስገድ፥ ሁሉም ጭንን ከማእዘን በላይ የሚያጥፉ ናቸው። በጣና ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው በታንኳ ላይ የሚቀመጠው ጕልበቱን ወደ ደረቱ አስጠግቶ ስለ ሆነ፥ እርሱም ከዚያው ይቈጠራል።

በፊት በኩል የታከመ ሰው ግን ክልከላው ሌላ ነው። እርሱ የሚጠነቀቀው የታከመውን እግር ወደ ኋላ ርቆ ከመዘርጋትና ጣቶቹን ወደ ውጭ አብዝቶ ከማዞር ነው። በጐን በኩል የታከመውም የተሰፋው ጡንቻ እስኪድን ድረስ እግሩን በኀይል ወደ ጐን እንዳያነሣ ሊታዘዝ ይችላል። የአንዱን በሽተኛ ምክር ለሌላው ማስተላለፍ የማይገባው ስለዚህ ነው። «የጎረቤታችን እናት እንዲህ ተብለው ነበር» እያሉ የሚመክሩ ሰዎች አሳባቸው ደግ ቢሆንም፥ ጎረቤቲቱ የታከሙት በየትኛው በር እንደ ሆነ አያውቁም። ጥንቃቄው የሚቈየው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ነው፤ የሚጠብቀውና የሚያላላው ግን ያከመው ሐኪም ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፥ ማለት ወደ መጀመሪያዎቹ ቀናት እንሂድ። ሕዝባችን በሽተኛን መንከባከብ ያውቃል። ኦፕራሲዮን የሆነን ሰው እንደ አራስ አስተኝቶ፥ አጥሚት እያጠጣ፥ ከአልጋ እንዳይወርድ መጠበቅ ለብዙዎቻችን የፍቅር ምልክት ነው። ዳሌው የተለወጠ ሰው ግን አራስ አይደለም። እንቅስቃሴ አጥቶ በተኛ እግር ውስጥ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም ከስፍራው ተነቅሎ ወደ ሳንባ ቢሄድ በድንገት ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች በሽተኛውን በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ በሰው ድጋፍ ያስቆሙታል፤ ጥቂት እርምጃም ያስኬዱታል። ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኀኒትም ያዝዛሉ፤ ይህ መድኀኒት ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ አንዳንድ ጊዜ እስከ 35 ቀን ድረስ ስለሚወሰድ፥ «ተሽሎኛል» ብሎ ማቋረጥ አይገባም። አልጋ ላይ ሳሉም ቍርጭምጭሚትን ወደ ላይና ወደ ታች ደጋግሞ ማንቀሳቀስ ደሙን ያዘዋውራል።

አካሄዱ ደረጃ አለው። በሽተኛው መጀመሪያ አራት እግር ባለው መደገፊያ ወይም በሁለት ምርኩዝ ይሄዳል፤ ኀይሉ ሲመለስ ወደ አንድ ከዘራ ይሸጋገራል። ከዘራው የሚያዘው ባልታከመው እግር በኩል ባለው እጅ ነው። ብዙ ሰው በታመመው በኩል ይይዘዋል፤ ይህ ስሕተት ነው። በተቃራኒው እጅ የተያዘ ከዘራ፥ የታከመው እግር መሬት በሚረግጥበት ጊዜ ሸክሙን ይካፈለዋልና። ለደረጃም አንዲት ሕግ አለች፤ ሲወጡ ደኅናው ይቅደም፥ ሲወርዱ የታከመው ይቅደም። ስፌቱ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል፤ ሲመለስም ወንበሩ ከፍ ያለ ይሁን፥ በየሰዓቱም ተነሥቶ ጥቂት ይራመድ።

ልጅየው እናቱ ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት ቤቱን ማዘጋጀት አለበት። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ዐናጢ ጠርቶ፥ እናቲቱ ሲቀመጡ ጕልበታቸው ከዳሌያቸው ዝቅ እንዲል አድርጎ፥ ክንድ ማሳረፊያ ያለውን ወንበር እግሩን ያስረዝም። አልጋው ዝቅተኛ ከሆነ ከእግሮቹ ሥር ጠንካራ እንጨት አስገብቶ ከፍ ያድርገው። መጸዳጃ ቤቱ የጕድጓድ ከሆነ፥ መካከሉ የተከፈተ ጠንካራ ወንበር አሠርቶ በጕድጓዱ ላይ ያስቀምጥ። ወለሉ ላይ የሚያደናቅፍ ምንጣፍና ሽቦ ያንሣ፤ ለሌሊት መብራት ያዘጋጅ። በኋላ በኩል ታክመው ከሆነ፥ ሲተኙ በጭኖቻቸው መካከል ትራስ ይደረግላቸው። ከሆስፒታል ሲመለሱም በባጃጅ ተጣጥፈው ከመሄድ ይልቅ፥ መቀመጫው ከፍ ያለና ወደ ኋላ ሊገፋ የሚችል መኪና ይፈለግላቸው።

ስለ ጠያቂዎችም አንድ ነገር እንናገር። እንግዳ ሲገባ «ኖር» ብሎ መነሣት የአባቶቻችን መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን እናቲቱ ካህን ወይም ሽማግሌ ሲገባ በድንገት ጐንበስ ብለው ሊነሡ ሲሞክሩ፥ አዲሱ መገጣጠሚያ ሊወልቅ ይችላል። ስለዚህ ቤተ ሰቡ አስቀድሞ «እንዳይነሡ ታዘዋል» ብሎ ለእንግዳው ይንገር። ስለ ስግደትም የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው አቅሙ የማይችለውን አትጭንበትም። እስላም የሆነም በሽተኛ ሶላቱን በወንበር ላይ ሆኖ ሊሰግድ ይችላል።

ወጌሻዎቻችን ከጥንት ጀምሮ የተሰበረውን ሲጠግኑ የኖሩ ባለ ሙያዎች ናቸው። ይሁን እንጂ በውስጡ ብረት የተተከለበትን ዳሌ ማሸትም ሆነ መጐተት ከቶ አይገባም። ሕመም በድንገት ቢጠና፥ እግሩ አጥሮ ወይም ወደ አንድ ወገን ዞሮ ቢታይ፥ ኳሱ መውለቁን ያመለክታልና ሳይነካኩ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። እንዲሁም ቍስሉ ቢቀላ፥ ፈሳሽ ቢያወጣ፥ ትኵሳት ቢነሣ፥ ባቱ ቢያብጥና ቢያም፥ ከሁሉም በላይ ትንፋሽ ቢያጥር ወይም ደረት ቢወጋ፥ እስኪነጋ ድረስ መቈየት አይገባም። ወደ መገጣጠሚያው የሚገባ ተሕዋስ የሚገጥመው ከ100 ሰው ለ1 ወይም ለ2 ያህል ቢሆንም፥ ከገባ በኋላ ለማስወጣት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ከኦፕራሲዮኑ አስቀድሞ የበሰበሰ ጥርስና የሽንት ሕመም ቢኖር ይታከም፤ የስኳር በሽታ ያለበትም ስኳሩን ያስተካክል።

ዘንጉና ዋንጫው ከውጭ አገር የሚመጡ ስለ ሆኑ፥ ሕክምናው ወጪ እንዳለው አንሸሽግም። ስለዚህም ብዙ ቤተ ሰብ ገንዘብ ሲያሰባስብ ይቈያል፤ ወደ ህንድና ወደ ታይላንድ የሚሄዱም አሉ። ባሕር ዳር ያለ ሰው ግን አስቀድሞ በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ጊዮን ሆስፒታል የዐጥንት ሐኪም ይየው፤ ሥራው የት እንደሚሠራለትና ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ከዚያ ይረዳል። ገንዘቡ ተገኝቶ ኦፕራሲዮኑ በመልካም ከተፈጸመ በኋላ፥ ባንዲት ዱካ ወይም ባልተገባ እረፍት ምክንያት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ሲሆን እጅግ ያሳዝናል።

ስለዚህ ያ የመንግሥት ሠራተኛ እናቱን ይዞ ከሆስፒታል በሚወጣበት ቀን፥ ከመድኀኒቱ ጋራ የአንዲት ጥያቄን መልስ ጽፎ ይያዝ፤ ሐኪሙ የገባው በየትኛው በር ነው? ያንን ካወቀ የሚከለክላቸውን ያውቃል። ከዚያም በኋላ አይፍራ፤ በማግሥቱ እጃቸውን ይዞ ያስነሣቸው፥ በየቀኑም ጥቂት ጥቂት ያስኪዳቸው። እግዚአብሔር ቢፈቅድ ከጥቂት ወራት በኋላ ከዘራቸውን ይዘው በጣና ዳር ሲመላለሱ፥ ኋላም ሐኪማቸው ሲፈቅድላቸው ወደ ተወለዱበት ወደ ግሽ ዐባይ ሄደው ጠበሉን ሲሳለሙ ያያቸዋል።